ሰፊው አይቸኩልም

ጥቅምት 6

ለቁልፌ፣

አዎ፣ ደርሶኛል፤ አልጠፋም። ፖስተኛው በሁለት እጁ ታቅፎ አምጥቶ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ሲያሳርፈው መቀሴ ከቦታዋ ዘለለች። «አባባ፣ ጡብ ነው እንዴ ያዘዙት?» አለኝ። «የልጅ ልጄ የጻፈችው ልቦለድ ነው» አልኩት ደረቴን ነፍቼ። «እና ሁሉንም ሊያነቡት ነው?» አለና ሐዘን ላይ እንዳለ ሰው ትከሻዬን ነካ ነካ አድርጎኝ ወጣ።

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከጉልበቴና ከላክሽብኝ መጽሐፍ በቀር ደህና ነኝ።

ነገሩም ገብቶኛል። አሳታሚው «መጽሐፍ በመጻፍም በማስተማርም የማይተዳደር አንድ ተራ ሰው እስከ መጨረሻው አንብቦ የተሰማውን በእጁ ይጻፍልኝ፤ ያኔ አትመዋለሁ፤ ካልሆነ ግን ይዘሽው ሂጂ» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ከዓለም ተራ ሰዎች ሁሉ አበጥረሽ እኔን አገኘሽ። ስላከበርሽኝ እግዜር ያክብርሽ። ስንት ዓመት የደከምሽበትን ነገር በእኔ ዓይንና በእኔ እንቅልፍ ላይ መጣልሽ ግን ድፍረት ነው።

እስካሁን ሁለት ምዕራፍ ገፍቻለሁ። «ገፍቻለሁ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ቁም ሣጥን እንደሚገፋው ማለቴ ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ሴትዮዋ መስኮት ትከፍታለች። በሁለተኛው መስኮቱ እንደተከፈተ ነው። ያው አንቺ ድሮም ቀስ ማለት ትወጃለሽ። በልጅነትሽ የኮት ቁልፍ ውጠሽ ይሄ ስም የወጣልሽ ጊዜም ቁልፉን እስክታወጪው ስንት ቀን እንዳስጠበቅሽን እናትሽን ጠይቂ።

አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። «ሰፊው ከመስኮቱ ማዶ ተቀምጧል። ሰፊው አይቸኩልም። ማንንም አይጠራም፤ የመጣውን ግን አይመልስም።» እዚህ ላይ መነጽሬን አወለቅኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ አንድም ጸሐፊ ልብስ ሰፊን የመጽሐፍ በር ላይ ሲያስቀምጥ አላየሁም። እኛ መጽሐፍ ውስጥ የምንገባው አንዱ ሙሽራ ሱሪው ረዝሞበት ሲጨነቅ ነው፤ አሳጥረን እንወጣለን።

ጥያቄ አለኝ። ሰፊው መቼ ነው የሚነሳው? እንዲህ ተቀምጦ ከዋለ ደንበኛ አይቆይለትም። ደግሞ በእርሳስ ዳር ላይ የጻፍኩበትን ቅጠል ገንጥዬ ልኬልሻለሁ፤ መልሺልኝ።

አያትሽ

ጥቅምት 22

አባባ፣

እንደምን ሰነበቱ? የጣቢያችን ጣሪያ ተጠግኗል፤ አሁን የሚያፈሰው የአለቃዬ ክፍል ላይ ብቻ ነው፤ ይሄን ሲሰሙ እንደሚስቁ አውቃለሁ። ስልክ ያልደወልኩት ስላኮረፍኩ አይደለም። ከዚህ የአየር ጠባይ ጣቢያ ሆኖ ለመደወል ውኃ ማጠራቀሚያው ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ ባለፈው የወጣ ባልደረባዬ እግሩን በጀሶ አሳስሮ ተኝቷል።

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። «ሰፊው መቼ ነው የሚነሳው?» እውነቱን ልንገርዎ፣ መጽሐፉን ያዩ ጓደኞቼ ሁሉ የጠየቁኝ ሴትዮዋ ባል አላት ወይ እያሉ ነው። እርስዎ ግን በሁለት ምዕራፍ ልቡ ላይ ደረሱ። ሰፊው አይነሳም አባባ። የምንነሳውና የምንቀመጠው እኛ ነን። እሱ እንዳለ ነው።

ዳር ላይ «ሰፊው እኔ ነኝ ወይ?» ብለው የጻፉትን ሳይ ደግሞ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አዎ፣ እርስዎም ነዎት። እኔም ነኝ። ፖስተኛውም ነው። ሁላችንም ሰፊው ውስጥ ነን፤ አላወቅነውም እንጂ።

እባክዎ አይቸኩሉ። ሲደክምዎ ያቁሙ። ግን አይተዉት። አሳታሚው ዓመቱ ሳይጋመስ ደብዳቤዎን ካላገኘ ጽሑፉን እንደሚመልስልኝ በድጋሚ ነግሮኛል። ሌላ የሚያነብልኝ ሰው የለኝም። ከመለሰልኝ ድጋሚ ለማንም የማሳየው አይመስለኝም።

ቁልፍዎ

ኅዳር 9

ለቁልፌ፣

ዓይኔ ደህና ነው፤ ጠብታውን ጠዋትና ማታ አደርጋለሁ። የምታጣራልሽ ማን እንደሆነች አውቄያለሁ። ከሱቄ ቀጥሎ ያለችው መድኃኒት ሻጭ ናት፤ ጠርሙሱን ብርሃን ላይ እያነሳች ስንት እንደጎደለ ታያለች። ለእሷም ነግሬያታለሁ፣ ያንቺን መጽሐፍ ያለ ሐኪም ማዘዣ መሸጥ ወንጀል ነው። ከምሳ በኋላ ግማሽ ገጽ ከወሰድኩ እስከ አሥር ሰዓት አልነቃም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ግራ ገብቶኛል። ነገር ዓለሙ ዞሮብኛል። ሁላችንም ሰፊ ከሆንን ማን ሊያሰፋ ነው? «ሰፊው ውስጥ ነን» ስትይስ ምን ማለትሽ ነው? እኔ ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ደጅ ነው የሚቆመው።

ምዕራፍ አምስት ላይ «ሰፊው ላይ ደመና ጥላውን ጣለ» ይላል። ጣሪያ የለውም ማለት ነው? ምስኪን። «ሰፊው ጫፍ የለውም» ይላል። ጫፍ ከሌለው ምኑን ይዘመዝማል? «ወፍ ተሻገረችው፣ ሳትጨርሰው መሸባት» ያልሽውን ለሦስት ቀን አሰብኩት። ወፍራም ሰው ነው ለማለት ከሆነ በቀጥታ ማለት ይቻል ነበር፤ እኔም ብሆን አልቀየምም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያናደደኝ መርፌ አለመንካቱ ነው። ምዕራፍ አልፎ ምዕራፍ ሲመጣ «አሁን ክር ያስገባል» እያልኩ እጠብቃለሁ። አያስገባም። ሴትዮዋ ታየዋለች፣ እሱ ይቀመጣል። እኔ እንደዚህ ብሠራ እናትሽ በምን ታድግ ነበር?

እንዲህ እያልኩ ስነጫነጭ ምዕራፍ ዘጠኝ ደረስኩ። «ሰፊው ይለካኛል፤ እኔ ግን ልለካው አልችልም። ፊቱ ስቆም እጆቼን የት እንደማደርጋቸው ይጠፋኛል።»

ቁልፌ፣ እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ተነስቼ ቆምኩ። ስንቱ ኩሩ ሰው ነው ሜትሬን ሳወጣ እጁ የሚጠፋበት። ባለሥልጣኑም፣ ሙሽራውም፣ ቦክሰኛውም አንድ ናቸው፤ እጃቸውን አንዴ ኪስ ያስገባሉ፣ አንዴ ያወጣሉ። ይሄን እኔ ብቻ የማውቀው መስሎኝ ነበር። በርጩማ ላይ አቁሜ የትምህርት ቤት ልብስ ስለካሽ ለካ አንቺም እየለካሽኝ ነበር።

ጨርሼዋለሁ። ሴትዮዋ መስኮቱን ትዘጋለች። በቃ፣ ይሄው ነው። እናም አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ምን እንደሆነ አልነግርሽም። ከሌላ ሰው ብትሰሚው ይበልጥ ደስ ይልሻል።

አያትሽ

ኅዳር 27

አባባ፣

ያደረጉትን ሰማሁ። ለአሳታሚው ጽፈዋል፤ ለእኔ ሳያሳዩ፣ ተንኮለኛው።

አዎ ብሏል። ያትመዋል። ደብዳቤው ሲደርሰኝ የነፋስ መለኪያው ሥር ቆሜ ነበር፤ ባልደረቦቼ ስሮጥ አይተው አውሎ ነፋስ የመጣ መስሏቸው መሣሪያዎቹን መሸፈን ጀመሩ።

ግን ግራ የገባኝ ነገር አለ። አሳታሚው እንዲህ ይላል፦ «የአያትሽ ደብዳቤ ከክፍል ክፍል ሲዞር ዋለ። መርፌ የማይነካ ሰፊ። ሳይሰፋ የሚኖር ሰፊ። በመጀመሪያዎቹ ገጾች እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። ሰው የሚገዛው ይሄን ነው።» የሽፋኑንም ንድፍ አያይዞልኛል። አንድ አረጋዊ የስፌት መኪና ላይ አገጫቸውን ደግፈው ተቀምጠዋል። ከመኪናዋ የወጣው ክር እየተጠማዘዘ ሄዶ የመጽሐፉን ስም ይጽፋል።

የስፌት መኪና ከየት መጣ? መጽሐፉ ውስጥ አንድ መስኮት፣ አንድ ወንበርና ከጣቢያችን አጥር ማዶ ያለው ሜዳ ነው ያለው። ምናልባት ምሳሌ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደብዳቤዎችዎን መልሼ አነበብኳቸው። ለምንድን ነው ሰፊው ደንበኛ ያስፈለገው? ለምንድን ነው ጣሪያ ያስፈለገው?

አባባ፣ ምን ብለው ነው የጻፉለት?

ቁልፍዎ

ታኅሣሥ 5

ለቁልፌ፣

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው፣ የፈራሽውም እንዲሁ። ደብዳቤሽ ሳይደርሰኝ ነገሩን ደርሼበት ነበር። እንዴት እንደምጽፍልሽ ሳሰላስል ቀናት አለፉ።

መድኃኒት ሻጯ ሱሪ ልታሳጥር መጣች። እኔም ጉራዬ አላስቀምጥ አለኝ፤ «ስለ እኔ የተጻፈ መጽሐፍ ላስነብብሽ» አልኳትና ምዕራፍ አንድን ገለጥኩላት። ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሰፊው ላይ ስትደርስ ፊን ጠበቅ አደረገቻት።

«እንዴት ነው የምታነቢው?» አልኳት።

«እንደተጻፈው ነዋ።»

«አላልተሽ አንብቢው እንጂ። ሰፊው ነው።»

«ምን ሆኜ ነው የማላላው? ሜዳ እኮ ነው።»

«የምን ሜዳ?»

«ይኸው፣ ጫፍ የለውም ይላል። ደመና ጥላ ጣለበት ይላል። ወፍ ልታቋርጠው ስትበር መሸባት ይላል። እርስዎን ወፍ ተሻግሮዎት ያውቃል?»

«ይለካኛል ይላል እኮ» አልኳት፤ አሁን ድምፄ ቀጥኗል።

«ትልቅ ነገር ፊት ሲቆሙ የሚሰማ ነገር ነው፣ አባባ» አለችና ሱሪዋን አስቀምጣ ወጣች። ከግድግዳው ማዶ ስትስቅ ይሰማኛል። ለሳል ሽሮፕ የመጣው ሰውም አብሯት ሲስቅ ሰማሁ።

የፊደላችን ነገር እንዲህ ነው። አንዷ ቃል ስትላላ ሰው ትሆናለች፣ ስትጠብቅ ሜዳ ትሆናለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን ያቺው ናት። ሌላ ሰው ቢሆን ሜዳ ይታየው ነበር። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ሰዎች «ሰፊው አለ?» እያሉ በሬን ሲያንኳኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያቺን ቃል ባየሁ ቁጥር «አቤት» የምል ነው የሚመስለኝ።

ለአሳታሚው የጻፍኩት ይሄን ነው፦ «እንደዚህ ያለ ልብስ ሰፊ አይቼ አላውቅም። አንድ ክር ሳያስገባ ሰውን ሁሉ ይለካል። በሙያዬ ስኮራ የመጀመሪያዬ ነው።» እስከ መጨረሻው ማንበቤን ደግሞ በፊርማዬ አረጋገጥኩለት።

ይቅር በይኝ። አንቺ ሜዳ ጽፈሽ እኔ መሐሉ ላይ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩበት።

አያትሽ

ታኅሣሥ 18

አባባ፣

ይቅርታ መጠየቅ አያስፈልግዎትም። ደብዳቤዎን ለባልደረቦቼ ሳነብላቸው እግሩ የተሰበረው እስኪያመው ድረስ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ማታ ግን አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ብዙ አይጠይቁኝ። አንድ ሰው ልቤ ላይ ደረሰ ብዬ ነበር፤ ለካ በሌላ በር ነው የገባው።

አሁን የጨነቀኝ ይሄ ነው። ውሉን እስከ ጥር መጨረሻ ፈርሜ መመለስ አለብኝ። እውነቱን ከነገርኩት ሽፋኑም ውሉም ይቀራል፣ መጽሐፉም ወደ መሳቢያው ይመለሳል። ዝም ካልኩ መጽሐፉ ይወጣል፤ ፊቱ ላይ ግን የስፌት መኪና ተቀምጦ።

እና ዝም ብል ምን አለበት እያልኩ ነው። አንድ ፊደል እንኳ አይቀየርም። አንባቢው ካላላው ያላላዋ። እንደዚያ ሲነበብ ሰው የወደደው ያንን ከሆነስ? እርስዎም ምዕራፍ ዘጠኝን የወደዱት በዚያ በኩል ነው። ሜዳዬን ማንም አልለመነኝም፤ ሰፊዎን ግን ገና ሳይወጣ ወደዱት።

እርስዎ ምን ይላሉ? ዛሬ ቀልድ አይጻፉልኝ።

ቁልፍዎ

ታኅሣሥ 29

ለቁልፌ፣

እሺ፣ አልቀልድም። አንድ ጊዜ ብቻ ካመለጠኝ እለፊኝ።

እኔን ከዚያ መጽሐፍ አውጪኝ። የማላውቀው ሰው ቤት ተሳስቼ ገብቼ፣ ቤተኛ መስዬ ተቀምጬ፣ ባለቤቷ ደጅ ቆማለች። ይሄ አያምርም። ልብስ ሰፊ ከፈለግሽ አስበሽበት ሌላ መጽሐፍ ውስጥ አስገቢኝ፤ ያኔ ክር ማስገቢያ ጊዜ ስጪኝ።

አዲስ ነገር ልንገርሽ። ከመጀመሪያው ጀምሬ አጥብቄ አነበብኩት። አሁንም ግራ ገብቶኛል። ግን ግራ መጋባቱ ሌላ ነው። ፊት የገባኝ መስሎኝ ነበር የተምታታብኝ፤ አሁን እንዳልገባኝ ገብቶኛል። ሁለተኛው ይሻላል፤ እንቅልፍ አያመጣም። እውነት ለመናገር፣ በፊቱ ልክ አያመጣም።

ባለፈው መብራት ጠፋና መኪናዬ ቆመች። ወንበሬን ወደ በሩ አወጣሁ። ማዶ ጎማ በሚጠግነው ሰውዬ ሱቅ ግድግዳ ላይ የኛ ሕንፃ ጥላ አለ። ጥላው የተንጠለጠለውን የነፋስ ቱቦ ጫፍ አለፈ፣ ከዚያ «ነፋስ እንሞላለን» የሚለው ጽሑፍ ላይ ወጣ፣ «ነፋስ» የምትለዋን ዋጣት። መድኃኒት ሻጯ ወጥታ «ምን እያዩ ነው?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። እውነቴን ነው። ያኔ ነው ልብ ያልኩት፤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም፣ ግን አልሰለቸኝም። እንዲህ መቀመጥ እችላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የመጽሐፍሽ ሥራ ይሁን የመብራት ኃይል፣ ለመፍረድ አልቸኩልም።

ከዚህ ጋር ለአሳታሚው የጻፍኩት ደብዳቤ አለ። አላሸግኩትም። አንብቢው፤ መላክም መቅደድም ያንቺ ነው። ከላክሽው መጽሐፍሽ ላይወጣ ይችላል፤ እሱን አውቄ ነው የጻፍኩት። እንዲህ ይላል፦

«ጌታዬ፣ ባለፈው የጻፍኩልዎ ስለ ሌላ መጽሐፍ ነው፤ እሱም ገና አልተጻፈም። እዚህ ውስጥ ልብስ ሰፊ የለም። ቃሏን አላልቼ አንብቤ ነው። ያለው ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ምንም አይሆንም። ተሰላችቻለሁ፣ አንቀላፍቻለሁ፣ ከወንበሬ ሥር ወድቆ ሳላነሳው አድሬያለሁ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ጀምሬዋለሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ከገባዎት ይጻፉልኝ።»

አያትሽ

የካቲት 2

አባባ፣

ዘግይቻለሁ፤ አልታመምኩም፣ አልተቆጣሁምም። የሚጻፍ ነገር ስላልነበረኝ ነው።

ደብዳቤዎን ለሳምንት ትራሴ ሥር አቆየሁት። ከዚያ ላክሁት። ውሉንም ሳልፈርም መለስኩለት። ሥራዬን ሠራሁ፣ የዝናቡን መጠን መዘገብኩ፣ ማታ ማታ ሜዳውን ላለማየት መጋረጃ አደረግሁ። ያለቀ ነገር ነበር ለእኔ።

ትናንት መልስ መጣ። አሳታሚው በራሱ እጅ ነው የጻፈው። ንድፉን እንደተወው፣ ለካ እሱም ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች እንዳላለፈ፣ በእርስዎ ደብዳቤ ተማምኖ እንደነበር ይነግረኛል። ለእርስዎ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንብቦታል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «አያትሽን ንገሪልኝ፤ እኔም አልገባኝም። ይታተም።»

ሽፋኑ ላይ ስሙ ብቻ ይሆናል። ሌላ ምንም አይኖርበትም።

ዛሬ ጠዋት መጋረጃውን አነሳሁት።

ቁልፍዎ

ሰኔ 14

ለቁልፌ፣

አዎ፣ ደርሶኛል። ፖስተኛው ራሱ ፖስታውን ካልከፈትኩለት አልሄድ አለ። ባዶ ሽፋኑን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ሥዕሉን ረስተውት ነው?» አለኝ።

ስለ ጉልበቴ አትጠይቂኝ፤ ዛሬ ብሶበታል። ምክንያቱን ልንገርሽ።

ከጠዋት ጀምሮ መጽሐፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ደንበኛዬ ጃኬቱን ሊወስድ መጣ። ይሄ ሰውዬ ቆሞ መጠበቅ የማይችል፣ ልኬቱን ስወስድ እንኳ እግሩ ፍሬን የሚፈልግ ሰው ነው። ዚፑን ሰፍቼ እስክጨርስለት ዝም በል ለማለት ያህል መጽሐፉን ሰጠሁት። መነጽሩን አልያዘም። እኔ ነኝ ያነበብኩለት፣ አጥብቄ። ሴትዮዋ መስኮቱን ከፈተች።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያማ ታያለች።»

«ምኑን?»

«ገና ነው።»

አንድ ምዕራፍ አነበብኩለት። ከዚያ እግሩ ሲቆም አየሁ። ጃኬቱን አልጠየቀኝም። ወንበሬን ሳብ አድርጎ ወደ በሩ አዞረና ተቀመጠበት፤ ዓይኑ ከጎማ ጥገናው በላይ ያለው ክፍት ሰማይ ላይ ነው። ውጪ ተሳፋሪዎቹ አንዱን አስገብተው የአውቶቡሱን ጡሩምባ ያስጮሃሉ።

«እየጠሩህ ነው» አልኩት።

«ይጠብቁ» አለኝ።

ደብዳቤዬ ያጠረው ለዚህ ነው። ሰውዬው ወንበሬን አልለቀቀም፤ ቆሜ ነው የምጽፍልሽ።

አያትሽ